ደመወዙ ያልተከፈለው ቁስለኛና የአጥቢያው ኃላፊነት

በጦርነት የቆሰለ ወታደር ወደ ቀዬው ሲመለስ አቤቱታው አስቀድሞ የሚደርሰው ከግምጃ ቤት ሳይሆን ከአካባቢው ሹማምንት ደጃፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1642 እስከ 1651 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በንጉሡና በፓርላማው ወገን መካከል የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የፓርላማው እግረኛ ወታደር የተወሰነለት ደመወዝ በቀን 8 ፔኒ ነበር። ይሁንና ገንዘቡ ለብዙ ወራት ሳይከፈል ስለሚቆይ ወታደሩ እንደ ተሰሪ በየገበሬው ቤት እየገባ ይቀለብ ነበር። የበላው ከውዝፍ ደመወዙ ይቀነስበታል፤ ገበሬውም ላበላው እህል የሚሰጠው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ሳይከፈል ይቀራል። በዚህም ምክንያት ጉዳቱ የሁለቱም ሆነ።

በማርች 1647 ወታደሮቹ ውዝፋቸው እንዲከፈል፣ ለቁስለኞች፣ ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶችና ለሙት ልጆች መተዳደሪያ እንዲሰጥ አቤቱታ ቢያዘጋጁ፣ ፓርላማው በአቤቱታው የሚገፉትን የአገር ጠላት እንደሚያደርጋቸው አስታወቀ። ከሁለት ወር በኋላ ግን፣ ሜይ 28 ቀን፣ ለቁስለኞች መርጃ የሚሆን ገንዘብ ከየአጥቢያው እንዲሰበሰብ የሚያዝ ደንብ አወጣ።

በአሠራሩ መሠረት ገንዘቡ ከአጥቢያው ነዋሪ ተሰብስቦ፣ በዓመት አራት ጊዜ የሚሰየሙ የአውራጃ ዳኞች አቤት ባዩን መርምረው ይወስኑለታል። ቁስለኛው የት እንደ ዘመተና እንዴት እንደ ቆሰለ የሚገልጽ የአለቃው ማስረጃ ያስፈልገው ነበር። አለቃው ሞቶ ከሆነ የሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት ካልደረሰለት ይቸገራል።

ውዝፍ ደመወዝን በተመለከተ ለወታደሮቹ የዕዳ ሰነድ ተሰጠ። ከ1649 ጀምሮ የንጉሡ መሬት ሲሸጥም ሰነዱ ለመሬት መግዣ እንዲያገለግል ተፈቀደ። ነገር ግን ተራው ወታደር የዕለት ጉርስ ስለቸገረው ሰነዱን እጅግ ባነሰ ዋጋ ሸጠው። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ የራሱ መኮንኖች ሲሆኑ፣ መሬቱም በእነርሱ እጅ ገባ።

በ1660 ዘውዱ ተመለሰ። በ1662 የወጣው ሕግ ለንጉሡ ወታደሮች መርጃ ሲወስን የፓርላማው ቁስለኞች ከመዝገብ ተሰረዙ። የተቆረጠ እግር ግን መንግሥት ስለ ተለወጠ አይበቅልም።

ከዚህ ታሪክ የገበሬ ማኅበር መሪ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የቁስለኛው ስም፣ የዘመተበት ቦታና የቆሰለበት ቀን ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ መመዝገብ አለበት። የሚገባውን ገንዘብ የሚያሳየውን ወረቀት በችግር ምክንያት ለአራጣ አበዳሪ እንዳይሸጥ፣ ውሳኔው እስኪደርስ ድረስ እህል ማበደርና ማሳውን በደቦ ማረስ ይጠቅማል። ከሁሉም በላይ ርዳታው በቁስሉ መጠን እንጂ በተሰለፈበት ወገን ሊመዘን አይገባም።