«ናው ኤ ዴይስ» ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት

በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጸሐፊው በወቅቱ እዚያ ታስሮ የነበረው ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ ነው። የፖለቲካውን ክርክር ወደ ጎን እንተወውና አጀማመሩን ብቻ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ እንየው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጋዘን በሚመስል ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከ200 ገደማ ሰዎች ጋር መታሰሩን ይነግረናል። ሁለተኛው ደግሞ ለዚያ ሁሉ ሰው ያለው መጸዳጃ ቤት ሦስት ብቻ እንደሆነ። በቃ! ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ሁለት ቁጥሮች። አንባቢው ግን አዳራሹ ውስጥ ገብቷል።

አሁን እኛ ስለ እስረኞች አያያዝ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፉ ብንባል እንዴት እንጀምር ነበር? «ናው ኤ ዴይስ» ብለን እንነሳና ማረሚያ ቤት በዓለም ላይ በሁሉም አገር እንደሚገኝ፣ ጥቅምም ጉዳትም እንዳለው እንጽፋለን። ውሸት የለውም። ግን ፈታኙ ያን ቀን ስንት ወረቀት ላይ ይህንኑ እንዳነበበ አስቡት። ስድስት መስመር አልቆ ገና ምንም አልተባለም።

ይህ ልማድ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይመስለኝም። አማርኛችን ራሱ ዋናውን ነገር ወደ መጨረሻ ይገፋል። ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ሰውየው ይሂድ ይቅር አይታወቅም። «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ታክሲ ይዞ ሄደ» ስንል አራት ድርጊት ደርድረን በአንድ ግስ እናስራለን፤ ለአማርኛ ያማረ ነው። ያንኑ በነጠላ ሰረዝ እየቀጠልን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ግን ማሰሪያ የሌለው ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። እንግሊዝኛ ማን ምን እንዳደረገ ቶሎ መስማት ይፈልጋል። ድርሰቱም እንደ ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ አቋማችሁን መጀመሪያ ተናገሩ፣ ምክንያቱ ይከተል።

ከአማርኛ የሚወረሱ ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «ሦስት ተማሪ መጣ» ብንል አማርኛ አይቆጣም፤ በእንግሊዝኛ ግን ከቁጥር በኋላ ስሙ ብዙ መሆን አለበት፤ ያቺ የመጨረሻዋ የ«ስ» ድምፅ ትጠፋብናለች። «ሄደ» ስንል ደግሞ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ አለ፤ እንግሊዝኛ ላይ «ሂ» ካልተባለ ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን በጥቅሉ «እስቲ ስህተት ካለ» ብላችሁ ከምታነቡት አንድ ጊዜ ቁጥርና ስሞችን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ባለቤትና ግሶችን ብቻ እየፈለጋችሁ እለፉበት። ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ዓይን ብዙ ያገኛል።

ግን ከሰዋስው የሚበልጠው ቅድሚያ ማቀድ ነው። ስንጽፍ አእምሯችን በአንድ ጊዜ ብዙ ይሸከማል፦ ሐሳብ መፈለግ፣ ቅደም ተከተል፣ ቃል መምረጥ፣ ስፔሊንግ። ለጊዜው መረጃ የምንይዝበት የአእምሮ ክፍል ደግሞ ጠባብ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ ሲሆን ቶሎ ይሞላል። ሮናልድ ኬሎግ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን ደብዳቤ አጻፈ። ከፊሎቹ መጀመሪያ የሐሳብ ዝርዝር አወጡ፣ ከፊሎቹ በቀጥታ ጀመሩ። ደግሞም አንዳንዶቹ ረቂቅ እንዲጽፉ፣ ሌሎቹ ከመጀመሪያው አሳምረው እንዲጽፉ ተደረገ። ጥራቱን ያሻሻለው ዝርዝሩ ነበር፤ ረቂቅ መጻፉ ለብቻው ለውጥ አላመጣም። ለፈተና ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ድርሰቱን ሁለት ጊዜ ለመጻፍ ሰዓት የለማ!

ዝርዝሩ አራት መስመር ይበቃዋል። «ሞባይል በትምህርት ቤት ይከልከል ወይ?» ተባለ እንበል። አንድ፦ ክፍል ውስጥ ይከልከል፣ እረፍት ላይ ይፈቀድ። ሁለት፦ የአንዱ ስልክ ሲጮህ የሁሉም ሐሳብ ይበተናል። ሦስት፦ «መዝገበ ቃላቱ ስልኬ ላይ ነው» የሚል ተማሪ ይኖራል። አራት፦ እሱ ደግሞ በመምህሩ ፈቃድ ሊከፍት ይችላል። ግማሽ ሰዓት ካላችሁ አምስቱን ደቂቃ እዚህ ላይ አውሉት። በአማርኛም ብታወጡት ችግር የለም።

እኔ የምህንድስና ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። ሕንጻ ላይ ጣሪያው ጭነቱን ለቢሙ፣ ቢሙ ለኮለኑ፣ ኮለኑ ለመሠረቱ ያስረክባል። አንቀጻችሁ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «አንተ ጭነትህን ለማን ታስረክባለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የማይደግፍ ከሆነ ቢያምርም ይውጣ።

«ልምምዱስ? እኛ ጋ ኢንተርኔት የለም፣ የሚያርም አስተማሪም የለም» የምትሉ ትኖራላችሁ። በማረሚያ ቤቶች ሆነው ትምህርታቸውን የሚከታተሉና ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጡ ታራሚዎች አሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና እንግሊዝኛው ምርጫ ስለሆነ ድርሰት ይረሳል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን የመጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርስ አንቀጽና ድርሰት ጻፉ ይላል። ስለዚህ ኢንተርኔት የማይፈልግ ዘዴ ልንገራችሁ፤ አንድ መጽሐፍ፣ እስክሪብቶና ትንሽ ወረቀት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ዘዴው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ ግለ ታሪኩ ላይ ጽፎታል። ጥሩ አድርጎ የተጻፈ ጽሑፍ ይመርጥና የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሐሳብ በጥቂት ቃል ይመዘግባል። ለተወሰኑ ቀናት ያስቀምጠዋል። ከዚያ ማስታወሻውን ብቻ እያየ ጽሑፉን በራሱ ቃል መልሶ ይጽፋል፣ በመጨረሻም ከዋናው ጋር ያስተያያል። አራሚው ዋናው ጽሑፍ ራሱ ነው። ከ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የንባብ ክፍል አንድ አንቀጽ ወስዳችሁ ሞክሩት። ማስታወሻውን በአማርኛ ካደረጋችሁት ደግሞ ይከብዳል፣ ያኔ ነው የሚጠቅመው፤ ምክንያቱም የእንግሊዝኛውን ቃል ከማስታወሻው መገልበጥ አትችሉም፣ ከራሳችሁ ማውጣት አለባችሁ።

ወረቀት የለም? ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚሸልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው ወደ አማርኛ የመለሰው፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የእናንተ ልምምድ አንድ አንቀጽ ነው፤ የደብተር ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። በሳምንት ሁለቴ ሥሩት፣ ዋናውንም ከማየታችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን ይለፍ። ቶሎ ከተመለሳችሁበት የምትጽፉት ያስታወሳችሁትን እንጂ የቻላችሁትን አይሆንም።