በረዶ በሚወርድበት አገር በጣራ ላይ ስለሚተከል የፀሐይ ሰሌዳ

በአማርኛ በረዶ ሲባል ሁለት ነገር ይገባናል፤ አንዱ በክረምት ከዝናብ ጋር እንደ ጠጠር እየሆነ የሚወርደው ነው፤ ሁለተኛው እንደ ተባዘተ ጥጥ በዝግታ ወርዶ ጣራውንና መንገዱን የሚያለብሰው ነው። የሁለቱ ጉዳት አይመሳሰልምና፥ በዚህ ጽሑፍ በረዶ የምንለው ሁለተኛውን ብቻ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

ጥያቄያችን ይህ ነው፤ በዓመት ውስጥ ለ5 ወር ያህል በረዶ በሚተኛበት ከተማ የሚኖር ባለቤት ወይም ነጋዴ፥ ገንዘቡን አውጥቶ ሶላር የሚባለውን የፀሐይ ሰሌዳ በጣራው ላይ ቢተክል ይጠቀማልን? ብዙዎች ሲጠየቁ «በረዶው ይሸፍነዋል፤ ብርዱም ያበላሸዋል» ይላሉ። እኛም ነገሩን ሳንመረምር እንደዚሁ እናስብ ነበር።

ለምሳሌ የወሰድነው በካናዳ በአልበርታ ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የኤድመንተን ከተማ ነው። ከተማው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 53 ዲግሪ ተኩል ላይ ይገኛል፤ ብርዱም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በዚያው ያለው የሰሜን አልበርታ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለ5 ዓመት ያህል ቀላል፥ ነገር ግን ብልሃት ያለው ፈተና አደረገ። 12 ሰሌዳዎችን 6 ጥንድ አድርጎ፥ እያንዳንዱን ጥንድ በተለየ ማዕዘን አዘንብሎ አቆመ፤ ይኸውም ከ14 ዲግሪ ጀምሮ እንደ ግድግዳ ቀጥ እስካለው እስከ 90 ዲግሪ ነው። ከጥንዱ የአንዱ በረዶ ይጠረጋል፤ የሌላው እንዳለ ይተዋል። እንግዲህ የሁለቱ ልዩነት በረዶው የሰረቀው መሆኑ ነው። በመጨረሻ ሲታይ በረዶው በዓመት ያጠፋው በአማካይ 3 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ለጥ ብሎ በተተከለው ከ5 በመቶ ጥቂት አለፈ፤ ቀጥ ብሎ በቆመው ከ1 በመቶ አነሰ።

ይህ ሊሆን የቻለው በረዶው የሚወርደው ፀሐይ ራሷ በምትሰስትበት ወራት ስለ ሆነ ነው። በታኅሣሥ የኤድመንተን ቀን 7 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ በቀትርም ፀሐይዋ ከአድማስ በላይ 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትወጣለች። በሰኔ ግን ቀኑ 17 ሰዓት ይሆናል፤ ፀሐይዋም 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ድኻ ቤት የገባ ሌባ ብዙ ይዞ አይወጣም።

ብርዱም ቢሆን ጠላት አይደለም። የሲሊኮን ሰሌዳ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር፥ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ኃይሉ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጨምራል። ነገር ግን ተካዩ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ አደጋ አለ። ሰሌዳው ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ከተጻፈለት ቁጥር በ20 በመቶ ያህል ሊበልጥ ይችላል። ሰሌዳዎቹ ተከታትለው ሲገናኙ ይህ ትርፍ ይደመራል። በሞቃት አገር ልማድ ብዛታቸውን የወሰነ ሰው፥ ፀሐይ በወጣችበት አንድ የብርድ ጧት ኢንቨርተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ወደ አተካከሉ እንምጣ። በቀድሞው ዓይነት ሰሌዳ ውስጥ ያሉት ሴሎች በቁመቱ በ3 ክፍል የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ክፍል ሲሸፈን ኤሌክትሪኩ ዞሮት እንዲያልፍ ባይፓስ ዳዮድ የሚባል መሣሪያ ተደርጎለታል። በረዶ ሲንሸራተት በታችኛው ጠርዝ ይከማቻል። ስለዚህ ሰሌዳው በቁመቱ ከቆመ፥ ከታች የቀረች አንድ ስንዝር በረዶ ሦስቱንም ክፍሎች ስለምትነካ ሰሌዳው በሙሉ ሥራ ፈታ ለማለት ይቻላል። በአግድሙ ከተኛ ግን የሚዘጋው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ሴሎቹ ለሁለት በተከፈሉበት በአዲሱ ዓይነት ሰሌዳ በቁመት ቢቆምም የላይኛው ግማሽ ይሠራል።

የንግድ ቤቶች ጣራ አብዛኛውን ጊዜ ለጥ ያለ ስለ ሆነ፥ ነፋስ እንዳይነቅላቸውና አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ጥላ እንዳይጥል ሰሌዳዎቹ በ10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይዘነበላሉ። በዚያ ላይ በረዶ ይቆያል፤ ስለዚህ ጣራው የሰሌዳውንና የበረዶውን ክብደት አብሮ መቻሉን አስቀድሞ መሐንዲስ ማየት አለበት። ዘንበል ባለ የመኖሪያ ቤት ጣራ ላይ ደግሞ በረዶው ከለስላሳው መስተዋት ላይ በአንድ ጊዜ ይናዳል፤ ከደጃፍ በላይ ከሆነ መግቻ ያስፈልገዋል።

መጥረጊያ ይዞ ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው ነገር ግን በጣም ያሳስበናል። ለዚህች 3 በመቶ ብሎ በሚያንሸራትት ጣራ ላይ መቆም፥ እንደ እኛ ሐሳብ፥ ከሒሳብ የወጣ ሥራ ነው። በአልበርታ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ደንብ መሠረት ባለቤቱ የበጋውን ትርፍ ለመስመሩ ሰጥቶ ከሒሳቡ ስለሚታሰብለት፥ በታኅሣሥ የጎደለበትን በሰኔ ይተካዋል።

ከመስመሩ ርቆ በባትሪ ብቻ የሚኖር ቤት ግን ይህ ዕድል የለውም፤ የሚያስፈልገው የክረምቱ ብርሃን ነው። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፥ ለእንዲህ ያለው ቤት ሰሌዳውን በደቡብ ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ይሻለዋል።