ለካርድ ሥራ ጀማሪ ምን እንስጥ?

የዕደ ጥበብ ዕቃ መደብር ገብቶ «ካርድ መሥራት ላማራት ጓደኛዬ ስጦታ ልግዛ» የሚል ሰው እጁ ቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ማህተሞቹ ነው። አይፈረድበትም። አበባው፣ ወፉ፣ የልደት ኬኩ፣ የምስጋናው ጽሑፍ ግድግዳ ሙሉ ተሰቅለው ዓይን ይስባሉ። ስጦታው ቤት ገብቶ ሲከፈት ግን አምስት ጥቅል ማህተም ይኖርና ቀለሙ ይጠፋል፤ ቀለም ሲገኝ ወረቀቱ ስስ ሆኖ ይጨማደዳል፤ ወረቀት ሲገኝ ደግሞ ካርዱን የሚይዝ ፖስታ የለም። ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ይገባና በዚያው ይረሳል።

ስለዚህ ስጦታውን ሲያዘጋጁ አንድ ነገር ብቻ ራስዎን ይጠይቁ። ተቀባይዋ ዛሬ ማታ ቁጭ ብላ፣ ሌላ ዕቃ ፍለጋ ሳትወጣ፣ አንድ ካርድ ጨርሳ ፖስታ ውስጥ መክተት ትችላለች? ከቻለች፣ ማህተሙ አንድ ጥቅል ብቻ ቢሆንም ስጦታው ሙሉ ነው። በእኔ እምነት ገንዘቡ ቀድሞ መዋል ያለበት ለወረቀትና ለቀለም ነው፤ ማህተም ቀስ እያለ ይገዛል።

ማህተም ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የቀበሌው ክብ ማህተም ነው። አሠራሩም ያው ነው። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ የሚያጠነክርበትን ዘዴ ደረሰበት፤ በ1844 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1860ዎቹ የጎማ ማህተም በየቢሮው መታየት ጀመረ። ሥዕል ያለበት ማህተም የቤት ውስጥ መዝናኛ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1988 የተመሠረተው ስታምፒን አፕ የተባለው ድርጅት ለምሳሌ ዕቃውን የሚሸጠው ሴቶች በየቤቱ ተሰባስበው አብረው ካርድ እየሠሩ እንዲገዙ በማድረግ ነበር።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ማህተም በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንጨት ላይ የተለጠፈ ቀይ ወይም ግራጫ ጎማ፣ ሁለተኛው ብርሃን የሚያሳልፍና እንደ ተለጣፊ ከፕላስቲክ ላይ የሚላጥ ማህተም። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል፤ ማህተሙ የት ላይ እንደሚያርፍ ከላይ ሆኖ ይታያልና። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ይህ ማህተም ብቻውን እንደማይሠራ ነው። አክሪሊክ ብሎክ በሚባል ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ ተለጥፎ ነው የሚታተመው፤ ብሎኩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይሸጣል። መዳፍ የሚያህል አንድ ብሎክ ለመነሻ ይበቃል። አዲስ ማህተም ላይኛው ገጹ ስለሚያንሸራትት ቀለሙ እንደ ውሃ ጠብታ ይሰበሰብና ኅትመቱ ነጠብጣብ ይሆናል። ተቀባይዋ «ተበላሽቶ መጣ» ብላ እንዳታዝን፣ በላጲስ ቀስ አድርጋ እንድታሸው በአንዲት ወረቀት ጽፈው ይንገሯት።

ከጥቅሎቹ ሲመርጡ ሁለት ሦስት የመልካም ምኞት ጽሑፍና ጥቂት አበባ ወይም ቅጠል ያለበትን ይውሰዱ። መስመር ብቻ የሆነ ሥዕል ውስጡ ቀለም መቀባት ይፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ ድፍን የሆነው ግን ታትሞ ያልቃል። ሥዕል ለማታውቅ ሰው ድፍኑ ልብ ይሞላል።

ቀለም ላይ መቸኮል አያዋጣም። በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት የማህተም ፓድ ይመስላል፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ወረቀት ውስጥ ሰርጎ የሚገባው ቀለም ቶሎ ይደርቃል። ወረቀቱ ላይ ተኝቶ የሚቀረው ወፈር ያለው ቀለም ደመቅ ይላል፣ ግን ይዘገያል፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይማ ሳይደርቅ ይቆይና በእጅ ይታበሳል። ሌላው ጥያቄ፣ ከታተመ በኋላ በምን ይቀባል የሚለው ነው። በውሃ ቀለም ከሆነ ውሃ የማይለቅቅ ጥቁር ያስፈልጋል፤ የሬንጀር አርካይቫል ለዚህ የታወቀ ነው። እንደ ኮፒክ ባለ በአልኮል የተሠራ ማርከር ከሆነ ግን እንደ ሜሜንቶ ያለ ጥቁር ይሻላል፤ ማርከሩ ሲያልፍበት አይበላሽም። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት የጀማሪ ተስፋ ቆራጭ ነው፤ ግማሽ ሰዓት የተለፋበት አበባ በአንድ የብሩሽ ጫፍ ጠቁሮ ይቀራል። ለቢሮ ማህተም የሚሆነው ሐምራዊ ቀለምም ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ወረቀት ላይ ይሰፋል፣ ውሃ ሲነካው ይሮጣል።

እንግዲህ በስጦታው አንድ ጥሩ ጥቁር ፓድ ይግባ፣ ሁለት ወይም ሦስት ባለቀለም ፓዶች ይጨመሩ። ከእነዚህ አንዱ ቢጫ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ጥቁር የነካው ማህተም ሳይጸዳ ቢጫ ፓድ ላይ ከተጫነ ፓዱ እስከ መጨረሻው ቆሽሾ ይቀራል። ሁልጊዜ ከፈዛዛው ተጀምሮ ወደ ጠቆረው ይኬዳል፤ በመሃል ማህተሙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በእንጨት ላይ የተለጠፈውን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ማጣበቂያውን ያስለቅቀዋል።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ወጥመድ አለባችሁ። ጥቅሉ ላይ «80» ተብሎ ሲጻፍ ፓውንድ እንጂ ግራም አይደለም። በዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ሰማንያ አለ። «ከቨር» የተባለው ወደ 216 ግራም ስለሚደርስ ለካርድ ይሆናል፤ «ቴክስት» የተባለው 118 ግራም ገደማ ስለሆነ እንደ ካርድ አይቆምም። በግራም የሚገዙ ከሆነ ከ220 እስከ 300 ያለው ይበቃል፤ ከዚያ ሲበልጥ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የማያብረቀርቅ ይሁን። ባለጌጥ ወረቀት ያምራል፤ የጀማሪ ብር የሚበላውም እሱ ነው።

መጠኑንም አስቀድሞ መወሰን ኋላ ፖስታ ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል። የአሜሪካ መደበኛ ወረቀት፣ ማለትም 8.5 በ11 ኢንች፣ ከመሃል ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ግማሽ ሲታጠፍ 4.25 በ5.5 ኢንች የሆኑ ሁለት ካርዶች ይወጡታል፤ ብጥቃጭ የለም። ፖስታው ኤ2 ይባላል። አዲስ አበባ፣ አውሮፓ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ኤ4ን እንደዚያው ለሁለት ቆርጦ ቢያጥፍ ኤ6 ካርድ ያገኛል፤ ፖስታው ሲ6 ነው። ከሁሉ የሚሻለው ስጦታ ግን አሥር ካርድ ቀድሞ ቆርጦና አጥፎ ከአሥር ፖስታ ጋር ማቅረብ ነው። ለጀማሪ የሚከብደው ቀጥ አድርጎ መቁረጡ ነውና ያንን ተሸክመውላት ይሄዳሉ። ሲያጥፉ በማስመሪያና ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መጀመሪያ መስመር ይጫኑበት፤ ወረቀቱ ራሱ ያንን ተከትሎ ይተኛል።

የቀረው ቀላል ነው። ጥሩ መቀስ፣ በሁለት ወገን የሚያጣብቅ ፕላስተር፣ ከሥር የሚነጠፍ ለስለስ ያለ ነገር ይጨምሩ። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ኅትመቱ መሃሉ ላይ ይሳሳል፤ አሮጌ መጽሔት ከሥር ማድረግ ይበቃል። በኮላ አይጀመር፣ ወረቀት ያጨማድዳል። ለማቅለሚያ አሥራ ሁለት የእንጨት ከለር ይበቃል።

ዱቄት አቅልጦ ጽሑፉን ከወረቀቱ ከፍ የሚያደርገው ዘዴ ልብ ይሰርቃል፤ ጀማሪ ሲያየው ይጮኻል። ቶሎ በማይደርቅ ቀለም ይታተማል፣ ወርቃማ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ትርፉ ይራገፋል፣ በሙቀት ሲነካ ዱቄቱ በዓይናችሁ ፊት ቀልጦ ያብረቀርቃል። ነገር ግን የሙቀት መሣሪያው ለብቻው ይገዛል። የፀጉር ማድረቂያ አይተካውም፤ ሙቀቱ አይበቃም፣ ነፋሱ ደግሞ ዱቄቱን ይበትነዋል። ለልደት ወይም ለገና ሁለተኛ ስጦታ ይሁን።

ለሐበሻ ተቀባይ አንድ የሚጨመር ነገር አለ። በግዕዝ ፊደል «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ማህተም በአሜሪካ መደብር ግድግዳ ላይ ማግኘት ይቸግራል፤ በትእዛዝ የሚሠሩ ቤቶች ግን ይቀርጹታል። ጽሑፉን በኢሜይል ብቻ አይላኩላቸው፤ ፊደሉ ኮምፒውተራቸው ላይ ከሌለ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይደርሳቸዋል። እንደ ሥዕል አድርገው፣ ወፈር ባለ ፊደል ይላኩ። ፊደሉ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካነሰ እንደ «ዬ»ና «ጬ» ያሉት ቀለበታቸው በቀለም ይደፈናል።

አበባውን ደግሞ ራስዎ መቅረጽ ይችላሉ። በእንቁጣጣሽ ልጆች ሥለው ቤት ለቤት የሚያዞሩትን አበባ ዓይነት በእርሳስ ወረቀት ላይ ይሣሉ፤ ወረቀቱን በትልቅ ነጭ ላጲስ ላይ ደፍተው ጀርባውን በጥፍር ይሹት። እርሳሱ ወደ ላጲሱ ተገልብጦ ይሄዳል፤ ሲታተም ተመልሶ ይቃናል። ከመስመሩ ውጭ ያለውን በትንሽ ስለት አንስተው ሲጨርሱ አደይ አበባ የሚያትም ማህተም ያገኛሉ፤ ወጪውም የላጲስ ነው። ለትንሽ ልጅ የሚሰጡ ከሆነ ስለቱን ቤት ይተዉትና የተቀረጸውን ብቻ ይስጡ።

ካሬ ካርድና ካሬ ፖስታ አይግዙ። በአሜሪካ ፖስታ ቤት ካሬ ፖስታ በማሽን ስለማያልፍ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ቁልፍ ወይም ወፍራም ሪባን ተለጥፎበት ያበጠ ካርድም እንዲሁ ነው። ካሬውን ትተው ከተረፈዎት ገንዘብ ጥቂት ቴምብር ገዝተው ከፖስታዎቹ ጋር ይጨምሩ።