ስልኩን የሚያየው ሐኪም ምን እያሰላ ነው?

«ሐኪሙ ስልኩን እያየ አከመን፤ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው» የሚል አሉባልታ በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። «አፕ ካለ ስፔሻሊስት ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለቱም ሕመምተኛን ይጎዳሉ። ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው አፖች አንዳንዱ የመድኃኒት መጠን ማያ፣ አንዳንዱ የቀዶ ሕክምና ቅደም ተከተል መለማመጃ ነው። ለቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ላለ ሐኪም፣ አፕ በእርግጥ የሚደርስለት አንድ ቦታ አለ፦ ቃጠሎ።

ሰፊ ቃጠሎ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ወንፊት ያደርጋቸዋል። የደሙ ውሃና ፕሮቲን ወደ ሥጋው ይፈስሳል፤ ሰውነት ያብጣል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊት ይደክማል። ፍሰቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ የጎደለው ቶሎ በደም ሥር በሚሰጥ ሪንገር ላክቴት በተባለ ፈሳሽ መተካት አለበት። ስንት? በዳላሱ ፓርክላንድ ሆስፒታል ዶክተር ቻርልስ ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጡት ቀመር መልስ አለው፦ 4 ሚሊ ሊትር በኪሎ ክብደት ይባዛል፣ ያም በተቃጠለው የቆዳ ስፋት በመቶኛ። የሚገኘው የ24 ሰዓት መጠን ነው፤ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ይሰጣል።

70 ኪሎ የሚመዝን፣ 30 በመቶ የተቃጠለ ሰው 8,400 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፤ ግማሹ 4,200 ነው። ስሕተት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። 8 ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውየው ከተቃጠለበት ደቂቃ እንጂ ሆስፒታል ከደረሰበት አይደለም። ከሩቅ ጤና ጣቢያ ምንም ፈሳሽ ሳያገኝ ተልኮ በ3ኛው ሰዓት ከደረሰ የቀረው 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሰዓት 525 ሳይሆን 840 ሚሊ ሊትር ሊገባለት ይገባል። ስፋቱም ያሳስታል፤ የአዋቂ ጭንቅላት ከቆዳው 9 በመቶ ሲሆን የጨቅላ ሕፃን ግን 18 ገደማ ነው። ቀልቶ ብቻ የቀረ፣ ውሃ ያልቋጠረ ቆዳ ደግሞ ጨርሶ አይቆጠርም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ተረኛው ሬዚደንት ሲደክም፣ ይህ ሁሉ በቃል ሲሰላ አንድ ነገር ይረሳል።

በእንግሊዝ አገር የተሠራው መርሲ በርንስ የተባለው አፕ ይህን ክፍተት ይሸፍናል። ሐኪሙ በስክሪኑ ላይ ባለው የሰው ምስል የተቃጠለውን ቦታ በጣቱ ይቀባል፤ ዕድሜ፣ ክብደትና የተቃጠለበትን ሰዓት ያስገባል፤ አፑ ስፋቱንና የየሰዓቱን መጠን ያወጣል። እዚያው አገር በሕክምና መሣሪያነት ተመዝግቧል።

ግን ቀመሩ ራሱ አከራካሪ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ፈሳሽ ሲበዛ ሳንባ ውሃ ይይዛል፣ የሆድ ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ለዚህም ነው የአደጋ ሕክምና ሥልጠናው ኤቲኤልኤስ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 10ኛ እትሙ ለአዋቂ በ4 ፈንታ በ2 ሚሊ ሊትር መጀመርን የመከረው። እንግዲህ ያው ሰው በአንዱ ስሌት 8,400፣ በሌላው 4,200 ይደርሰዋል። ስለዚህ የአፑ ቁጥር መነሻ ብቻ ነው። ዳኛው ሽንት ነው፦ አዋቂ በየሰዓቱ ለአንድ ኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ 70 ኪሎ የሚመዝነው ሰው 35 ገደማ መሽናት አለበት። የሽንት ከረጢቱን የሚያየው ደግሞ ሐኪሙ እንጂ ስልኩ አይደለም።

አፕ ሁሉ እኩል አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 46 የኢንሱሊን ማስሊያ አፖችን ፈትሾ 67 በመቶዎቹ የተሳሳተ መጠን ሊያዙ እንደሚችሉ አግኝቷል። ሬዚደንቱ አፕ ከመጫኑ በፊት የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሠራውና መቼ እንደታደሰ መጠየቅ አለበት፤ ስሌቱንም ቢያንስ አንዴ በወረቀት ሠርቶ ያመሳክር።

እናንተም ዘመዳችሁ ተቃጥሎ ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ሐኪሙ ስልክ ቢያወጣ አትቆጡ። የተቃጠለበትን ትክክለኛ ሰዓት ንገሩት፤ ያለ እሱ አፑም ሐኪሙም በትክክል ማስላት አይችሉም።