ረጅም እንጨት በአጭር ቶርኖ

የምግብ ጠረጴዛ እግር ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ለቤት ውስጥ ሥራ የሚገዙ ትንንሽ የእንጨት ቶርኖዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ50 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ እንጨት ነው የሚይዙት። ስለዚህ የጠረጴዛ እግር፣ የአልጋ ምሰሶ ወይም የመጋረጃ ዘንግ ማውጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማሽኑን ማስረዘም ነው። ይህ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ዋናው ፈተና የሚመጣው ማሽኑ ከረዘመ በኋላ ነው፤ ርዝመት ከብረቱ ይልቅ የሚፈትነው እንጨቱን ነውና።

ሐዲዱን መቀጠል

በቶርኖው አንድ ጫፍ በሞተር የሚዞር ራስ፣ በሌላው ጫፍ ደጋፊ ራስ አለ። ሁለቱም የሚቀመጡት በአንድ ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ነው። በእንግሊዝ የቺልተርን ጫካዎች የወንበር እግር ያወጡ የነበሩ ባለሙያዎች ሐዲድ ከእንጨት የተሠራ ነበር። ዛሬም የፋብሪካ ማስረዘሚያ ያላገኘ ሰው ጠንካራ ቱቦላሬ ወይም በደንብ የደረቀ ወፍራም አግዳሚ በቡሎን አስሮ ሐዲዱን መቀጠል ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መጋጠሚያው ላይ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው መጋጠሚያ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ቢቀር፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር በኋላ ስህተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ክፍተቱን በስስ ላሜራ እየሞሉ፣ በተወጠረ ክር እየለኩ ማስተካከል ያስፈልጋል። በሁለት ሾጣጣ ጫፎች መካከል የቆመ እንጨት ትንሽ ስህተት ይችላል። አንዱ ጫፉ በመንጋጋ ተጨብጦ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ዙር ይጎብጣል።

እንጨቱ ሲሸሽ

መሮ እንጨቱን ሲነካው ይገፋዋል። የግፊቱ ውጤት በርዝመቱ ልክ ብቻ አያድግም፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የመሃሉ ጉብጠት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ እንውሰድ። ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የ2 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ግፊት መሃሉን 0.2 ሚሊ ሜትር ያጎብጠዋል። 90 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ያው ግፊት 1.6 ሚሊ ሜትር ያጎብጠዋል። እንጨቱ ከመሮው ስለሚሸሽ መሃሉ በሚገባ አይቆረጥም፤ ሥራው ሲያልቅ ጫፎቹ ቀጭን፣ ወገቡ ወፍራም ሆኖ ይገኛል።

ውፍረት ደግሞ ከርዝመትም በላይ ይገዛል። ይኸው ዘንግ ከ25 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሲቀጥን ጉብጠቱ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ ቀጭን የሚሆነው ቦታ መጨረሻ ላይ ቢሠራ ይሻላል፤ እስከዚያ ወፍራሙ አካል ያጠነክረዋል።

ሁለተኛው አደጋ ፍጥነት ነው። ፍጹም ሚዛናዊ እንጨት የለም፤ አንዱ ጎኑ ከሌላው ትንሽ ይከብዳል። ፍጥነቱ እንጨቱ በተፈጥሮው ከሚርገበገብበት መጠን ጋር ሲገጥም፣ ልጆች እንደሚዘሉበት ገመድ ወገቡ ወደ ውጭ ይለጠጣል። ይህ አደገኛ ፍጥነት ለ45 ሴንቲ ሜትሩ ዘንግ በስሌት ወደ 12,000 ዙር በደቂቃ ስለሚጠጋ ትንሽ ቶርኖ አይደርስበትም። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ግን ወደ አንድ አራተኛ፣ ማለትም ወደ 3,000 ዙር ይወርዳል፤ ይህን ብዙ ማሽኖች ይደርሱበታል። ረጅም ዘንግ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚጀመረው ለዚህ ነው። ቀጭን እንጨት ከማሽኑ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ስለሚችል የፊት መከላከያ ማድረግም ግድ ነው።

ሲንቀጠቀጥ ደጋፊውን ራስ የበለጠ ማጥበቅ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ያባብሰዋል። ከሁለት ጫፍ የተጨመቀ ረጅም ዘንግ ይበልጥ ለመጎበጥ ይዘጋጃል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሳይጎብጥ የሚችለው ጭነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። እንጨቱን ለማዞር የሚበቃ ጥብቀት ይበቃል።

ወገቡን መያዝ

ከሁሉ የሚልቀው መፍትሔ እንጨቱን መሃል ላይ መደገፍ ነው። በወፍራም ጣውላ ላይ ኩሽኔታ ያላቸው ሦስት ትንንሽ ጎማዎች ተገጥመው እንጨቱን ዙሪያውን ይይዙታል። ጎማዎቹ ከማረፋቸው በፊት ያ ቦታ ክብ ሆኖ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ድጋፉ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል። ጎማዎቹም እንጨቱን ይነኩታል እንጂ አይጫኑትም። ይህ ድጋፍ 90 ሴንቲ ሜትሩን ዘንግ ሁለት 45 ሴንቲ ሜትር ክፍሎች ያሉት ያህል ያደርገዋል። ጉብጠቱም፣ አደገኛው ፍጥነትም ወደ አጭሩ ዘንግ ደረጃ ይመለሳሉ ማለት ይቻላል።

ሐዲድ መቀጠል ለማይችል ሰው ሌላ መንገድ አለ። ረጅሙን ምሰሶ በሁለት ከፍሎ ለየብቻ ማውጣት፣ በአንዱ ጫፍ ምላስ፣ በሌላው ቀዳዳ ሠርቶ በኮላ ማጋጠም ይቻላል። መጋጠሚያው የጌጥ ቀለበት ወይም ቦይ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ከዋለ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ገንዘብ ወደ ማስረዘሚያ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገሮች ይመዘኑ፦ እንጨቱ ምን ያህል ቀጭን እንደሚሆንና መሃሉን ምን እንደሚይዘው። ለወፍራም የአልጋ ምሰሶ ሐዲዱን መቀጠል ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ ለቀጭን ዘንግ ግን ያለ መሃል ድጋፍ የረዘመ ማሽን ብዙም አይጠቅምም።