ፕላቲነም፦ ጡረታ ሂሳብ ውስጥ የገባ የፋብሪካ ማዕድን

አሜሪካ ውስጥ ሠርቶ የሚኖር ሰው ለእርጅናው ከሚያስቀምጥባቸው መንገዶች አንዱ አይ.አር.ኤ የሚባለው የግል ጡረታ ሂሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ የተጀመረው ይህ ሂሳብ በአብዛኛው አክሲዮንና ቦንድ ይገዛበታል። ወርቅና ብር የሚያስገቡበትም አሉ። ፕላቲነም የተፈቀደለት ግን ዘግይቶ፣ በ1997 በተሻሻለው የታክስ ሕግ መሠረት ከ1998 ጀምሮ ነው።

ሕጉ የሚፈቅደው ማንኛውንም ፕላቲነም አይደለም። ጥፍጥፉ ቢያንስ 99.95 በመቶ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ለወርቅ 99.5 በመቶ ይበቃል። የአሜሪካ መንግሥት ከ1997 ጀምሮ የሚያወጣው የፕላቲነም ኢግል ሳንቲም መስፈርቱን ያሟላል፤ የጣት ቀለበትና የአንገት ሐብል ግን አይገቡም።

ከሁሉም ጥብቅ የሆነው ደንብ የአያያዙ ነው። ማዕድኑ የሚቀመጠው በባንክ ወይም የታክስ መሥሪያ ቤቱ ባጸደቀው ባለአደራ እጅ እንጂ በባለቤቱ ቤት አይደለም። በ2021 የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት በጡረታ ሂሳብ ገንዘብ የተገዙ ሳንቲሞችን ቤቷ ያስቀመጠች ሴት ገንዘቡን ከሂሳቡ እንዳወጣች ቆጥሮ ታክስ እንድትከፍል ወስኗል። ዕድሜው 59 ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ሰው ደግሞ ካወጣው ላይ በአብዛኛው ተጨማሪ 10 በመቶ ይከፍላል።

አገባቡ እንዲህ ነው። ባለቤቱ የከበሩ ማዕድናትን የሚቀበል ባለአደራ ዘንድ ሂሳብ ይከፍታል፣ ነጋዴ ይመርጣል፣ የግዢ ትእዛዝ ይሰጣል። ክፍያውን የሚፈጽመው ባለአደራው ነው፤ ማዕድኑም ከነጋዴው በቀጥታ ወደ ማከማቻ ይሄዳል። ለ2025 የተፈቀደው ዓመታዊ መዋጮ 7,000 ዶላር፣ ዕድሜው 50 ለሞላ 8,000 ዶላር በመሆኑ፣ ብዙ መግዛት የሚፈልግ ሰው ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ጡረታ ሂሳብ ያዛውራል። ዝውውሩ ከተቋም ወደ ተቋም ቢሆን ይመረጣል። ቼኩ በባለቤቱ እጅ ካለፈ በ60 ቀናት ውስጥ ገንዘቡ አዲሱ ሂሳብ መግባት አለበት፤ ካልገባ ታክሱ ይከተላል።

ፕላቲነምን የወርቅ ታናሽ ወንድም አድርጎ የሚገዛ ሰው ግን ጠባዩን አላወቀም። ወርቅን ማዕከላዊ ባንኮች ለክፉ ቀን ያከማቹታል። የፕላቲነም ትልቁ ገበያ የመኪና ፋብሪካ ነው፤ በተለይ በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች የጭስ ማጣሪያ ውስጥ ይገባል። በእኛም አገር በወለጋ ዩብዶ ፕላቲነም ሲወጣ ኖሯል፤ ከዓለም የማዕድን ምርት 70 በመቶ ገደማው ግን የሚመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ስለዚህ በ2014 እዚያ ለአምስት ወራት እንደቆየው ያለ የማዕድን ሠራተኞች አድማም ሆነ የናፍጣ መኪና ገዢ መቀነስ ገበያውን ይነካል።

ዋጋውም ይህንኑ ይመሰክራል። በመጋቢት 2008 አንድ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም፣ ከ2,200 ዶላር በላይ ተሸጦ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከ1,000 በታች ወረደ። በመጋቢት 2020 ደግሞ 600 ዶላር አካባቢ ደረሰ። በዚያው ዓመት ወርቅ 2,000 ዶላርን አልፏል። በ2008 ጫፍ ላይ ገዝቶ በ2020 ጡረታ የወጣ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ያውቀዋል።

ፕላቲነም ወለድም ሆነ የትርፍ ድርሻ አይከፍልም፤ የባለአደራና የማከማቻ ክፍያ ግን በየዓመቱ ይጠይቃል። በተለመደው ዓይነት አይ.አር.ኤ ባለቤቱ 73 ዓመት ሲሞላው በየዓመቱ የግድ የሚወጣ መጠን አለ፤ ሂሳቡ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ከሌለ ዋጋው በወደቀበት ዓመትም መሸጥ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ፕላቲነም ለጡረታ ሂሳብ የሚስማማው ትንሽ ድርሻ ሲሆንና ሌላ መውጫ ሲኖር ነው። ገበያው ከወርቅ የጠበበ በመሆኑም በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ገዢ ከመፈረሙ በፊት ነጋዴውን ሊጠይቀው የሚገባው፣ ያንኑ ሳንቲም ዛሬውኑ መልሶ ቢገዛው ስንት እንደሚከፍል ነው።