በዓልን በቤትና በግቢ፦ ለመስከረም በዓላት የሚሆኑ ጨዋታዎችና ትምህርቶች

የ2013 ዓ.ም አዲስ ዓመት የገባው ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተገለጸ ስድስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ይፋ ሆነ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ በኋላ ሕፃናትና ወጣቶች ከመማሪያ ክፍላቸውና ከጓደኞቻቸው ርቀው ቆይተው ነበር። ስለዚህ የእንቁጣጣሽ፣ የመስቀል፣ የኢሬቻና የመውሊድ በዓላት ተከታትለው የሚመጡበት ያ ወቅት ለቤተሰብ ሁለት ጥያቄ አስነሳ፦ ደስታው ሳይቀር በሽታውን እንዴት መከላከል ይቻላል? ልጆችስ ትምህርታቸውን ሳይረሱ በዓሉን እንዴት ያሳልፉት?

«ቤት መቀመጥ» በሳሪስ

ከጎተራ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ ላይ የሚገኘው የሳሪስ አካባቢ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። የበዓል ሰሞን የሳሪስ ገበያ በሸማች ይጨናነቃል፤ ታክሲውና ቀላል ባቡሩ ይሞላል፤ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል። ከፋብሪካ ሥራ የሚመለሰው ሠራተኛ፣ ከገበያ የምትመለሰው እናትና ከቤት የማይወጡት አያት ብዙ ጊዜ የሚያድሩት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። በርካታ ቤተሰቦች አንድ የውጭ በር፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት በሚጋሩበት ግቢ ውስጥ «ከቤት አትውጡ» የሚለው ምክር ብቻውን በቂ አይሆንም። በዚህ ዓይነት ግቢ ጥንቃቄውም ጨዋታውም በጋራ መታሰብ አለበት።

ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው አንድ የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር ወይም ሲዘፍን ከአፍና ከአፍንጫው በሚወጡ ጥቃቅን ፈሳሾች ነው። በቫይረሱ የተያዘ ሰው የሕመም ስሜት ሳይጀምረው ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ጤነኛ መስሎት እንኳን አደረሳችሁ ለማለት የሚመጣ ወጣት አያቱን ለከባድ ሕመም ሊዳርግ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ነፋሻማ ቦታ፣ የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲሁም እጅን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳሉ። ቀጥሎ የቀረቡት ጨዋታዎችና ትምህርቶች የተመረጡትም እነዚህን ጥንቃቄዎች ጠብቆ ማከናወን ስለሚቻል ነው።

ከበዓሉ በፊት የሚደረግ የግቢ ስምምነት

የግቢው አዋቂዎች ከዋዜማው ቀደም ብለው ደጅ ላይ ተራርቀው ቢመክሩ ብዙ ችግር ይቀላል። በቧንቧው አጠገብ ሳሙና የሚያኖረው ማን እንደሆነ፣ ልጆች በየትኛው ሰዓትና በየትኛው የግቢው ክፍል እንደሚጫወቱ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ቢታመም ለእርሱ ውኃና ምግብ እንዴት እንደሚደርስ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ለገበያም ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ፣ ሰው በማይበዛበት በማለዳ ቢሄድ ይመረጣል። ቅርጫ የሚካፈሉ ጎረቤቶች ሥራውን ለጥቂት ሰዎች ሰጥተው፣ የቀሩት ድርሻቸውን በየተራ ቢወስዱ መጨናነቁ ይቀራል።

ልማዱን ሳይተዉ መልኩን መለወጥ

በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች «አበባየሁሽ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ተጠጋግቶ በከፍተኛ ድምፅ መዝፈንና ብር ከእጅ ወደ እጅ መቀበል ለቫይረሱ ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። የአንድ ግቢ ልጃገረዶች ከግቢያቸው ሳይወጡ፣ ተራርቀው ቆመው፣ መሸፈኛቸውን አድርገው ቢጫወቱ ልማዱ አይቋረጥም። ጎረቤቱ በየደጃፉ ሆኖ ያዳምጣል፤ ስጦታውንም በሰፌድ ወይም በትሪ ላይ ያኖርላቸዋል። ከበሮውን አንዲት ልጅ ብቻ ብትይዘው ይመረጣል።

ወንዶች ልጆች አበባና ፀሐይ ስለው በየቤቱ የሚያድሉት ሥዕልም በግቢው አጥር ወይም በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ትንሽ የሥዕል ትርኢት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ልጅ ስለ ሥዕሉ ሦስት ወይም አራት ዐረፍተ ነገር ጽፎ ከሥሩ ቢለጥፍ የጽሕፈት ልምምድም ይሆንለታል።

ችቦ ሲለኮስ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የእጅ ማጽጃ አልኮል በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ እጁን በአልኮል ያሸ ሰው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅለት ወደ ችቦ፣ ወደ ከሰል ወይም ወደ ክብሪት መቅረብ የለበትም። በበዓሉ ዋዜማ በውኃና በሳሙና መታጠብ የተሻለ ነው።

ከጨዋታ የሚገኝ ትምህርት

ሰኞ ማክሰኞ ለዚህ ጊዜ የተስማማ ጨዋታ ነው። በመስመሩ ውስጥ የሚዘለው አንድ ልጅ ብቻ ሲሆን የቀሩት ተራቸውን ርቀው ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጠጠር ከያዘ የዕቃ መነካካት አይኖርም። ገመድ ዝላይም እንዲሁ ነው። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህን በጠባብ ግቢ ውስጥም ማሟላት ይቻላል።

ገበጣና ዳማ የአንድ ቤት ልጆች እርስ በርሳቸው ቢጫወቷቸው ይመረጣል፤ ጠጠሩና ቆርኪው በሁለት ተጫዋቾች እጅ ስለሚያልፍ ከጨዋታው በፊትና በኋላ መታጠብ ያስፈልጋል። በገበጣ ጠጠር ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻው የት እንደሚያርፍ የሚገምት ልጅ ሳያውቀው መደመርና መቀነስ እየተለማመደ ነው።

እንቆቅልሽ ደግሞ ምንም ዕቃ አይፈልግም፤ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ተራርቆ መጫወት ይቻላል። መልሱ የጠፋበት «አገር» የሚሰጥበት ወግ ለጂኦግራፊ ትምህርት ይጠቅማል። ለምሳሌ ባሕር ዳርን የሰጠ ልጅ ከተማዋ በየትኛው ሐይቅ ዳር እንዳለች፣ ከዚያ ሐይቅ የሚወጣው ወንዝ ማን እንደሚባል እንዲናገር ማድረግ ይቻላል።

የዘመን መለወጫን በሒሳብ

የመከፋፈል ሒሳብ ለተማረ ልጅ ባሕረ ሐሳብ ጥሩ የበዓል ጥያቄ ያቀርባል፦ አዲሱ ዓመት በየትኛው ቀን ይገባል? በ2013 ላይ 5500 ሲደመር 7513 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1878 ደርሶ 1 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዘመነ ዮሐንስ ይባላል። ቀጥሎ 7513 እና 1878 ተደምረው 9391 ይሆናሉ፤ ይህም ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ እየተባለ ስለሚቆጠር መስከረም 1 ቀን 2013 ዓ.ም ዓርብ ዋለ ማለት ነው። ልጆች በዚሁ ስሌት የተወለዱበት ዓመት በየትኛው ቀን እንደገባ አውጥተው ከወላጆቻቸው ጋር ሊያመሳክሩ ይችላሉ።

መውሊድን የሚያከብሩ ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ጥያቄ አላቸው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። በዓሉ በየዓመቱ ለምን ቀደም እያለ እንደሚመጣ ልጆች ራሳቸው አስልተው ሊደርሱበት ይችላሉ።

በማዕድ ቤትና በቡና ዙሪያ

የበዓል ዝግጅት ራሱ ትምህርት ነው። ዶሮ በ12 ብልት ሲወጣ ማየት፣ ለስንት ሰው ስንት እንቁላል እንደሚበቃ ማስላት፣ ዱቄትና ውኃ መመጠን ልጆች ሊሳተፉባቸው የሚገቡ ሥራዎች ናቸው። ሥጋና ዶሮ የነካ እጅ በሳሙና መታጠብ እንዳለበትም በዚሁ አጋጣሚ ይማራሉ።

ማዕድ ለየቤተሰቡ ቢቀርብ፣ ጉርሻም ቢቆይ ይመከራል። ጎረቤት ቡና ሲጠራራ ከክፍል ውስጥ ይልቅ በረንዳ ወይም ደጅ ላይ ቢሆን፣ ሁሉም የየራሱን ስኒ ይዞ ቢመጣ፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጨዋታ አይቀርም። ዝናብ አስገድዶ ወደ ውስጥ ከተገባ እንግዶችን መቀነስ፣ በርና መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ይህ ከቫይረሱ ባሻገር በዝግ ክፍል ውስጥ ከሚጨስ ከሰል አደገኛ ጋዝም ይጠብቃል።

ንባብና የአረጋውያን ጨዋታ

አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ቤተሰብን በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ሰብስቧል። በየቤቱም አንድ ሰው በቀን ለ20 ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብና ሌሎቹ ቢያዳምጡ አንድ መጽሐፍ ለሁሉም ይበቃል። ከፍ ያለ ክፍል ላይ ያለ ተማሪ ታናናሾቹን በጠዋት ለግማሽ ሰዓት ቢያስተምር፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፉ ትምህርቶችንም አብሯቸው ቢከታተል የሚያስተምረውም የሚማሩትም ይጠቀማሉ።

ከሌላ ቤት የሚኖሩ አያቶች በስልክ ተረት እንዲነግሩ፣ ልጆችም እንዲጽፉት ማድረግ ብቸኝነትን ያቃልላል። ስለ «የኅዳር በሽታ» የሰሙትን መጠየቅም ይቻላል። በ1911 ዓ.ም የዓለም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ደርሶ ብዙ ሰው ገድሏል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት ልማድ ከዚያ መከራ ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው። ልጆች ከዚህ ታሪክ ከተማዋ ከዚህ በፊትም ወረርሽኝ አይታ እንዳለፈች ይረዳሉ።

በበዓሉ መካከል የሕመም ምልክት ከታየ

ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ ከባድ ድካም ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ የታየበት ሰው ከጨዋታውም ከማዕዱም ተለይቶ መቆየት ይኖርበታል። አረጋውያን እንዲሁም የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በተለይ ከእርሱ መራቅ አለባቸው። ምልክቱ በአብዛኛው የሚታየው ከተጋለጡ በኋላ ባሉት 14 ቀናት ውስጥ በመሆኑ ጥንቃቄው በበዓሉ ማግስት ማብቃት የለበትም። ምልክቱ ያለበትን ሰው መሸሸግም ሆነ ማግለል አይገባም፤ ወዲያውኑ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 በመደወል መረጃና እርዳታ ማግኘት ይቻላል።

መልካም አዲስ ዓመት!